ቢዝነስ 80ን ሳይደናገጡ መንዳት፦ ለሳክራሜንቶ አዲስ አሽከርካሪዎች

«80 እና ቢዝነስ 80 አንድ መንገድ ነው እንዴ?» ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ጭራሽ መንገድ ላይ ሆኖ ይደውላል፦ «ሬኖ የሚል ምልክት እያየሁ ነው፣ እኔ የምሄደው አርደን ነው፣ ልውጣ ወይስ ልቀጥል?» እየነዳችሁ አትደውሉልኝ። ይልቅ ይህን ቤት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ አይደሉም። ኢንተርስቴት 80 ከሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ዌስት ሳክራሜንቶ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። በናቶማስ በኩል ከተማዋን ዞሮ ወደ ሬኖ ያመራል። ቢዝነስ 80 ግን መሀል ከተማ ይገባል። ከዚያ በሰሜን ምሥራቅ፣ ዋት አቬኑ አካባቢ፣ ተመልሶ ከዋናው 80 ጋር ይገናኛል። «ሉፕ» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ መልሶ እዚያው ይገባል። ምዕራባዊው ግማሽ ከሃይዌይ 50 ጋር አንድ አስፋልት ስለሆነ ምልክቱ ላይ የምታነቡት 50 የሚለውን ነው። ሰው ቢዝነስ 80 ሲል በአብዛኛው ከኦክ ፓርክ መገናኛ (50፣ 99 እና ቢዝነስ 80 ከሚገናኙበት) ወደ ሰሜን ያለውን፣ 9 ማይል ገደማ የሚሆነውን ክፍል ማለቱ ነው።

ስሙ ደግሞ ብዙ ነው። ቢዝነስ 80፣ ቢዝ 80፣ ካፒታል ሲቲ ፍሪዌይ፣ 51፤ አራቱም ይኸው መንገድ ነው። 51 የሚለውን ምልክት ላይ አታገኙትም። ነገር ግን የሃይዌይ ፓትሮል የአደጋ ዝርዝር ላይ በዚህ ቁጥር ይመጣል። «51 ላይ አደጋ አለ» የሚል ካያችሁ የእናንተው መንገድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ምዝገባ ወረቀትና የኢንሹራንስ ማስረጃ
- የስልክ መያዣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስልክ በእጅ ይዞ ካርታ ማየት ያስቀጣል። መስታወት ላይ ከለጠፋችሁ በሹፌሩ በኩል ባለው የታችኛው ጥግ በ5 ኢንች ካሬ ውስጥ፣ በተሳፋሪው በኩል ባለው ጥግ ደግሞ በ7 ኢንች ካሬ ውስጥ መሆን አለበት
- በትክክል የተነፋ ጎማ፣ የሚሠራ ፍሬቻ፣ የሚጠርግ የዝናብ መጥረጊያ
- ከሩብ ያላነሰ ነዳጅ
- የፀሐይ መነፅር። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ነች፤ ምልክት ማንበብ አትችሉም
- ትንሽ ወረቀትና እስክሪብቶ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታያላችሁ)

ደረጃ 1፦ መንገዱ ለእናንተ መሆኑን እወቁ

ከቤይ ኤሪያ ወይም ከዴቪስ መጥታችሁ ወደ ሬኖ የምታልፉ ከሆነ ዋናውን 80 አትልቀቁ። ቢዝነስ 80 መጨረሻው እዚያው ቢሆንም መሀል ከተማ ያስገባችኋል፣ ትራፊክ ውስጥም ይከታችኋል። ወደ አየር ማረፊያ የምትሄዱ ከሆነም ይህ መንገድ አይደለም፤ አየር ማረፊያው በሰሜን በኩል ኢንተርስቴት 5 ላይ ነው። ለሚድታውን፣ ለካል ኤክስፖ፣ ለአርደን የገበያ ማዕከል፣ ለማርኮኒና ለፉልተን ግን ይህን ያዙ።

ደረጃ 2፦ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ቁጥር፣ አቅጣጫ፣ ከተማ

ከመነሳታችሁ በፊት የምትይዟቸውን መንገዶች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ አስቀምጡ። የስልኩ ድምፅ መገናኛ ላይ ሊዘገይ ይችላል። ምልክቱ ግን ቀድሞ ይታያል። ምን እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ ምልክቱ ራሱ ይመራችኋል።

- ቢዝነስ 80 ምሥራቅ፦ ሬኖ
- 50 ምዕራብ፦ ሳን ፍራንሲስኮ
- 50 ምሥራቅ፦ ሳውዝ ሌክ ታሆ
- 99 ደቡብ፦ ፍሬዝኖ
- ኢንተርስቴት 5 ሰሜን፦ ሬዲንግ
- ኢንተርስቴት 5 ደቡብ፦ ሎስ አንጀለስ

ምልክቱ ላይ የሚጻፈው ከተማ ሩቅ ነው። «እኔ ሬኖ አልሄድም» ብላችሁ አትለፉት። አርደን የሚሄድም፣ ማርኮኒ የሚሄድም «ሬኖ» የሚለውን ነው የሚከተለው። ሬኖ ከመድረሱ ከመቶ ማይል በላይ በፊት ይወርዳል እንጂ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ቢዝነስ 80 ምልክቱ ላይ «ምሥራቅ» ይላል፣ መሪያችሁ ግን ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። 80 የሚለው ቁጥር ተጋማሽ (ለሁለት የሚካፈል) ቁጥር ስለሆነ በደንቡ የምሥራቅና ምዕራብ መንገድ ነው፤ መሬት ላይ ግን ሚድታውንን የሚያልፈው በ29ኛና በ30ኛ ጎዳና መካከል ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ከኤልክ ግሮቭ በ99 ሰሜን መጥታችሁ ቀጥ ካላችሁ ራሳችሁን «ቢዝነስ 80 ምሥራቅ» ላይ ታገኙታላችሁ። ምንም አልጠፋችሁም። ኮምፓሱን ተዉትና የምልክቱን ቃል እመኑ።

የመንገዱ ቁጥር የተጻፈበትን ጋሻ መሰል ምልክት ቀለምም ልብ በሉ። ዋናው ኢንተርስቴት ሰማያዊና ቀይ ነው፤ ቢዝነስ ሉፕ አረንጓዴ ነው። በሩቁ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ስለሚመስል ከቁጥሩ በፊት ቀለሙን ማየት ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ስልኩን ቆማችሁ አስተካክሉ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አድራሻውን ፓርኪንግ ውስጥ ሆናችሁ አስገቡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መታጠፊያዎች በዓይናችሁ እዩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉ። በ65 ማይል መኪና በሰከንድ 29 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሦስት ሰከንድ ስልክ ካያችሁ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ርቀት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ መግባት

አብዛኛው ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ መፍራቱም ትክክል ነው። ሀገር ቤት አደባባይ ስንገባ ክላክስ አለ፣ የዓይን ለዓይን ድርድር አለ፣ እጅ ማውጣት አለ። እዚህ ማንም ፊታችሁን አያይም። የሚያነቡት ፍጥነታችሁንና ፍሬቻችሁን ብቻ ነው።

ሀ. መግቢያው ላይ የትራፊክ መብራት ካለ መስመሩ ላይ ቁሙ። በትራፊክ ሰዓት የሚበራው ይህ መብራት በአንድ አረንጓዴ አንድ መኪና ነው የሚያሳልፈው፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ ምልክቱ ይነግራችኋል። ከፊታችሁ ያለው ስለሄደ ተከትላችሁ አትሂዱ። መብራቱ የቆመው መኪኖች ተጠጋግተው ገብተው ፍሪዌዩን እንዳያፍኑት ነው።

ለ. አረንጓዴ ሲሆን ነዳጅ ርገጡ። ቢዝነስ 80 ላይ አጫጭር መግቢያዎች አሉ። መንገዱ ባዶ ሲሆን በ35 ማይል ተንቀራፍፋችሁ ከገባችሁ ከኋላ በ65 የሚመጣው ፍሬን መያዝ አለበት፤ አደጋው የሚመጣው ከዚያ ነው። የምትገቡት መኪኖቹ በሚሄዱበት ፍጥነት ወይም ለዚያ በቀረበ ፍጥነት ነው።

ሐ. ፍሬቻ ቀድማችሁ አሳዩ። ፍሪዌይ ላይ ሌን ከመቀየር በፊት ቢያንስ 5 ሰከንድ ነው።

መ. ስፖኪዮ እዩ፣ ከዚያ አንገታችሁን አዙራችሁ በትከሻ በኩል እዩ። ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለ፤ ሞተር ሳይክል በትክክል እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተር ሳይክል በሁለት ሌን መሀል ሰንጥቆ መሄድ ይፈቀድለታል። «ከየት መጣ?» እንዳትሉ።

ሠ. ክፍተቱን ምረጡና ግቡ። ቅድሚያው ቀድሞ መንገድ ላይ ላለው መኪና ነው። ሆኖም መግቢያው ጫፍ ላይ መቆም የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከቆማችሁ ከዜሮ ተነስቶ 65 መድረሻ ቦታ አታገኙም።

ደረጃ 5፦ ሌናችሁን ያዙ

ሁለት ኤግዚት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ከቀኝ አትራቁ። ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከቀኝ ጫፍ አንድ ሌን ወደ ግራ ግቡ። የቀኙ ሌን ላይ በየኤግዚቱ የሚገባና የሚወጣ መኪና አለ፤ እዚያ ከቆያችሁ ከሁሉም ጋር ትጋፋላችሁ። ከፊታችሁ ካለው መኪና 3 ሰከንድ ራቁ። አንድ ምልክት ምረጡ፤ እሱ ሲያልፈው «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት...» እያላችሁ ቁጠሩ።

ነጭ አልማዝ የተሳለበት ሌን ብዙ ሰው ለያዘ መኪና ነው። ሰዓቱ ምልክቱ ላይ ተጽፏል። ብቻችሁን ሆናችሁ በዚያ ሰዓት ከገባችሁ ቅጣቱ ከ490 ዶላር ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ መሬቱንም ምልክቱንም አንብቡ

ከአረንጓዴው ምልክት ሥር ቢጫ ሆኖ «ኤግዚት ኦንሊ» ካለ ያ ሌን ተገዶ ይወጣል። መቀጠል ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ልቀቁት። ምልክቱ ቢያመልጣችሁ እንኳ አስፋልቱ ይናገራል፦ የሌኑ መስመር ከተለመደው ይልቅ አጠር፣ ወፈርና ጠጋ ጠጋ ብሎ ሲቆራረጥ ካያችሁት ያ ሌን ሊያልቅ ወይም ሊወጣ ነው። ይህን መስመር ማንበብ የተማረ ሰው ከስልኩ ቀድሞ ያውቃል። ቢጫ ሆኖ «ሌፍት» የሚል ካለ ደግሞ መውጫው በግራ ነው፤ የለመድነው በቀኝ ስለሆነ ያደናግራል።

ደረጃ 7፦ መገናኛዎቹ

ከሰሜን ወደ ደቡብ ወይም በተቃራኒው ስትነዱ ልብ የሚፈልጉት ሁለት ቦታዎች ናቸው።

*ኦክ ፓርክ መገናኛ።* 50፣ 99 እና ቢዝነስ 80 የሚገናኙበት ነው። እኔ ገና አዲስ ሳለሁ አርደን ልሄድ ወጥቼ ኤልክ ግሮቭ ደርሻለሁ። ከዳውንታውን በ50 ምሥራቅ እየመጣሁ ሦስት ምልክት በአንድ ጊዜ አየሁ፤ ፍሬዝኖ፣ ሬኖ፣ ታሆ። አንዱንም ስላልጠበቅሁት ፊቴ ያለውን መኪና ተከተልኩ። እሱ ለካ ቤቱ ኤልክ ግሮቭ ነው። ባለቤቴ ከጎኔ «ይሄ ነው መንገዱ?» ትላለች፣ እኔ «አዎ» እላለሁ።

ዘዴው ይህ ነው። ምልክቱ መጀመሪያ ሲታያችሁ፣ ገና ሩቅ ሳለ፣ ሌናችሁን ያዙ። መንገዱ ሊከፈል ሲል አይደለም። አንድ ሌን ብቻ በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ በእያንዳንዱ መሀል ሁለት ሦስት ሰከንድ ቀጥ በሉ። ከሰሜን በቢዝነስ 80 ምዕራብ ስትመጡ ቀጥታው 99 ደቡብ ይሆናል። ምንም ካላደረጋችሁ ወደ ፍሬዝኖ ናችሁ። ዳውንታውን ወይም ዌስት ሳክራሜንቶ የምትሄዱ «50 ምዕራብ፣ ሳን ፍራንሲስኮ» የሚለውን ያዙ። ዩሲ ዴቪስ ሕክምና ማዕከል የምትሄዱ ደግሞ ስቶክተን ቡሌቫርድን እዚሁ አካባቢ ነው የምትፈልጉት፤ ቀድማችሁ ካርታው ላይ እዩት።

*ከኢ ስትሪት እስከ አርደን።* የአሜሪካን ወንዝ ድልድይ ያለበት ነው። መንገዱ ይጠባል፣ መኪናው ይጠራቀማል። ፊታችሁ ክፍት ሆኖ ሳለ የፍሬን መብራት በድንገት ቀይ በቀይ ሊሆን ይችላል። ዓይናችሁን አንድ መኪና ላይ ሳይሆን አራት አምስት መኪና አሻግሩት። ድልድዩን ወደ ሰሜን ካለፋችሁ በኋላ ኤክስፖዚሽንና ካል ኤክስፖ፣ ከዚያ አርደን፣ ኤል ካሚኖ፣ ማርኮኒ፣ ፉልተን እያለ ይቀጥላል። አርደን አካባቢ ከዳውንታውን የሚመጣው 160 ስለሚቀላቀል የሚገባውና የሚወጣው ይጠላለፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መግቢያና መውጫ ተጠጋግተው አንድ ሌን ይጋራሉ፤ እናንተ ልትወጡ ስትሉ ሌላው ሊገባ ይፈልጋል። ፍጥነት ትንሽ ቀንሱ፣ ከገቢው መኪና ፊት ወይም ኋላ መሆናችሁን ቶሎ ወስኑ። ጎን ለጎን ሆኖ መሄድ ለሁለታችሁም አይበጅም።

ደረጃ 8፦ መውጣት

የኤግዚቱ ስም አንድ ማይል ሲቀረው ከታየ በ60 ማይል ፍጥነት አንድ ደቂቃ አላችሁ። ወደ ቀኝ ግቡ፣ ፍሬቻ አሳዩ። ፍሬን ግን ፍሪዌዩ ላይ አትያዙ፤ መውጫው ሌን ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ያዙ። ጠመዝማዛ መውጫ ላይ ያለው ቢጫ የፍጥነት ምልክት፣ ለምሳሌ 25 ከሆነ፣ ኩርባውን ከመግባታችሁ በፊት ልትደርሱበት የሚገባ ፍጥነት ነው። በ65 ስትነዱ ቆይታችሁ 40 ቀርፋፋ ይመስላችኋል። ዓይን ይታለላል። ፍጥነት መለኪያውን እዩ።

ካመለጣችሁ

ቀጥሉ። በቃ። በዚህ መንገድ ላይ ኤግዚቶቹ ተቀራራቢ ናቸው። ቀጣዩ ላይ ውጡ፣ አንድ ቦታ ገብታችሁ ቁሙ፣ ስልኩ አዲስ መንገድ ያውጣላችሁ። በወጣችሁበት ኤግዚት ሁሉ መመለሻ መግቢያ ይኖራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የጠፋው አምስት ደቂቃ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ፍሪዌይ ላይ ወደ ኋላ መንዳት፣ መውጫውና ዋናው መንገድ የሚለያዩበትን ነጭ ሦስት ማዕዘን ማቋረጥ ክልክል ነው። ይገድላልም።
- አስፋልቱ ላይ ያሉት አንጸባራቂዎች ቀይ ሆነው ከበሩባችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ገብታችኋል። ወዲያው ወደ ዳር ውጡ። ብዙ መገናኛዎች ላይ መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን ስለሆኑ ሌሊት ይህ ስህተት ይደርሳል። ከመታጠፋችሁ በፊት «ቢዝነስ 80» እና አቅጣጫው የተጻፈበትን አረንጓዴ ምልክት እዩ።
- ክረምት ላይ፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ከሸለቆው የሚነሳ ከባድ ጭጋግ አለ። አጭሩን መብራት አብሩ። ረጅሙ መብራት ከጭጋጉ ተመልሶ እናንተኑ ያሳውራችኋል።
- ከረጅሙ በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ከመንገዱ ላይ ያለውን ዘይት ያነሳል። ያኔ አስፋልቱ እንደ ሳሙና ነው።
- ዳር ላይ ሀዛርድ አብርቶ የቆመ መኪና ካያችሁ አንድ ሌን ራቁ፤ ካልቻላችሁ ፍጥነት ቀንሱ።
- መኪናችሁ ከተበላሸ ቀኝ ዳር አውጡ፣ ሀዛርድ አብሩ፣ ቀበቶ አስራችሁ ውስጥ ቆዩ። አደጋ ላይ ከሆናችሁ 911 ደውሉ። በትራፊክ ሰዓት እየዞረ በነፃ የሚረዳ የፍሪዌይ ሰርቪስ ፓትሮል አለ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ መኪና ጎታች ሳትጠሩት ከመጣ አትቀበሉት።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

- «80 ምሥራቅ» ሲባል ቢዝነስ 80 መስሎ መያዝ። ሰው አድራሻ ሲነግራችሁ «የትኛው 80?» ብላችሁ ጠይቁ።
- ፊት ያለውን መኪና መከተል። የእኔን ታሪክ አንብባችኋል።
- ፍሬቻ ሌን ከቀየሩ በኋላ ማብራት።
- ከፍርሃት በ45 ማይል መሃል ሌን ላይ መሄድ። ሁሉም በቀኝም በግራም ይቀድማችኋል፣ ለመውጣት ስትፈልጉ ክፍተት አታገኙም።
- ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ አለማየት። 511 ደውሉ ወይም የካልትራንስን (የካሊፎርኒያ መንገድ መሥሪያ ቤት) የመንገድ ካርታ፣ ኩዊክማፕን፣ ክፈቱ።

ልምምድ

እሑድ ከማለዳው 7 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ማለቴ ነው። ከአርደን የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ተነሱ። ቢዝነስ 80 ምዕራብ ግቡ፣ ድልድዩን አልፋችሁ ሚድታውን ውጡ። በ29ኛና በ30ኛ ጎዳና አካባቢ «ቢዝነስ 80 ምሥራቅ» የሚለውን ፈልጋችሁ ተመለሱ። አርደን ላይ ውጡ። ይህን ሦስት ጊዜ ከደገማችሁ በኋላ ኦክ ፓርክን ጨምሩበት፤ አንድ ጊዜ 50 ምዕራብን፣ አንድ ጊዜ 50 ምሥራቅን ያዙ። መንዳት የሚችል ሰው ከጎናችሁ ይቀመጥ፣ ግን አያውራ። ምልክቱን ጮክ ብላችሁ የምታነቡት እናንተ ናችሁ።